ዋይ እና ኤም ሲጣሉ፦ ከርነል ኮምፓይል አላደርግ ሲል

ሐምሌ ላይ ጅማን ዝናብ ከያዛት ቶሎ አይለቃትም። ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ሱቄን ልዘጋ ስል አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ላፕቶፑን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፣ ራሱ ግን እስከ ካልሲው በስብሶ ገባ። ባጃጅ አጥቶ ከቦሳ ኪቶ በእግሩ ነው የመጣው። "ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ከርነሉ ኮምፓይል አላደርግ ካለኝ ሦስተኛ ቀኔ ነው" አለኝ።

ከርነል የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም ነው፤ ኮምፓይል ማድረግ ደግሞ ሰው የጻፈውን ኮድ (ሶርሱን) ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መለወጥ ነው። ልጁ ሶርሱ ተበላሽቶ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ እንደገና አውርዶታል። አንዱ ማውረድ 140 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ያውም በተማሪ ኪስ። አንጀቴን የበላው ይሄ ነው። ኮዱ ምንም አልሆነም ነበርና።

ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደሱ ላሉ ልጆች ነው። እኔ ዘንድ ከመጡት የከርነል ኤረሮች አብዛኞቹ መነሻቸው ኮዱ ሳይሆን ሰው የመረጠው ኮንፊግ፣ ማለትም ከርነሉ ውስጥ ምን ይግባ ምን ይቅር የሚለው ምርጫ ነው። ኤረሩ ግን እንዲህ ብሎ አይናገርም። የወደቅንበትን ያሳየናል እንጂ ያደናቀፈንን አያሳየንም።

ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከ10,000 በላይ አማራጮች አሉ። ምርጫችን ሁሉ የሚቀመጠው በነጥብ በሚጀምር ኮንፊግ የሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነው። አንድ ነገር ዋይ ከተባለ ከርነሉ ሆድ ውስጥ ይገባል። ኤም ከተባለ ለብቻው ሞጁል ሆኖ ይቀመጥና ሲያስፈልግ ይጫናል። ኤን ከሆነ ጭራሽ አይገነባም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። ፋይሉን ስትከፍቱት በሃሽ ምልክት የሚጀምሩ፣ "ኢዝ ኖት ሴት" የሚሉ መስመሮች ታያላችሁ። ተራ ማስታወሻ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ሲስተሙ አንብቦ "ይሄ ሰውዬ አልፈልግም ብሏል" ብሎ ይይዛቸዋል። መስመሯን ካጠፋችኋት እምቢ ማለታችሁ ይቀርና ጥያቄው እንዳልተመለሰ ይቆጠራል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ነው የሚጠቀመው። ቡት ፎልደር ውስጥ ያለውን ኮንፊግ ገልብጦ ከከርነል ዶት ኦርግ ያወረደው ሶርስ ውስጥ ከተተው፣ ከዚያ ሜክ አለ፣ ግንባታውን የሚያስጀምረው ትዕዛዝ ነው። ጥያቄ መዓት ሲመጣበት የኢንተር ቁልፉን ተጭኖ ያዘ። (እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ የሚባለው ትዕዛዝ አዲሶቹን ጥያቄዎች በነባሪው መልስ ይሞላላችኋል፤ ኢንተር ላይ ማንቀላፋት አያስፈልግም።)

የመጀመሪያው ኤረር ወዲያው መጣ፦ "ኖ ሩል ቱ ሜክ ታርጌት"፣ ቀጥሎ ካኖኒካል ሰርትስ የሚል የፋይል ስም። ልጁ ፋይል ጎደለ ብሎ ሶርሱን ድጋሚ ያወረደው በዚህ ምክንያት ነው። የጎደለ ነገር ግን የለም። የኡቡንቱ ኮንፊግ "ሲስተም ትረስትድ ኪስ" በሚለው አማራጭ ላይ የራሳቸው ፓኬጅ ውስጥ ብቻ ያለ የሰርተፊኬት ፋይል አድራሻ ጽፏል። እኛ ያወረድነው ሶርስ ውስጥ ያ ፋይል ኖሮም አያውቅ። የሰው ቤት አድራሻ ይዞ በገዛ ሰፈር መንከራተት ነው። አድራሻውን ባዶ አድርጉት፣ "ሲስተም ሪቮኬሽን ኪስ" የሚለውንም እንዲሁ። ያልፋል።

ሁለተኛው ፓሆል የሚባል ፕሮግራም የለም የሚል ነው። ይሄኛው ቢያንስ ሐቀኛ ኤረር ነው። "ዲበግ ኢንፎ ቢቲኤፍ" የሚለውን አማራጭ አጥፉ ብሎ ራሱ ይመክራል። ወይ ፓሆልን ጫኑ፣ ወይ አማራጩን አጥፉ። የዲስክ ቦታ ከጠበባችሁ ደግሞ ዲበግ ኢንፎን (ስህተት ለመፈለግ የሚረዳውን ተጨማሪ መረጃ) ከነጭራሹ ማጥፋት ይሻላል፤ ጊጋባይቶችን ይቆጥባል። ግን ከከርነል ቁጥር 5.18 ወዲህ በቀጥታ ዲበግ ኢንፎን ብታጠፉት ተመልሶ ይበራል፣ ምክንያቱም አሁን ከምርጫዎች ዝርዝር ነው የሚወሰነው። "ዲበግ ኢንፎ ነን" የሚለውን ነው መምረጥ ያለባችሁ። አጠፋሁት ያላችሁት ነገር ተመልሶ ከመጣ የሚያበራው ሌላ አማራጭ አለ ማለት ነው። ያንን ፈልጉ።

ሦስተኛው ነው ልጁን እንቅልፍ የነሳው። ሰዓታት ፈጅቶ፣ ሺህ ምናምን ፋይል በሰላም ኮምፓይል አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ ቪኤምሊኑክስ የሚባለው ሙሉው ከርነል ሲገጣጠም "አንዲፋይንድ ሬፈረንስ" ይላል፣ ዊፊ ሬጂስተር የሚባል ፈንክሽን ጠፋብኝ ይላል። ይሄ ፈንክሽን የዋይፋይ መሣሪያን ለከርነሉ የሚያስመዘግበው ነው። ልጁ የዩኤስቢ ዋይፋዩ እንዲሠራለት ከኢንተርኔት ያገኘውን ድራይቨር (ዕቃውን ከከርነሉ ጋር የሚያግባባ ኮድ) ሶርሱ ውስጥ ጨምሮ ነበር።

"አንተ ይህን ድራይቨር ምን አድርገህ መረጥከው?" አልኩት።

"ዋይ ነዋ ጋሼ። ለእኔ ዋናው እሱ ስለሆነ ከርነሉ ውስጥ ይግባ ብዬ።"

እንግዲህ አብረን ፈለግን። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ይሄ መንገድ ለሌላም ኤረር ይሆናልና። መጀመሪያ የጠፋውን ስም ያዝን። ግሬፕ በሚባለው የጽሑፍ መፈለጊያ ትዕዛዝ ሶርሱ ውስጥ ስንፈልገው ኔት፣ ከዚያ ዋይርለስ በሚለው ፎልደር ኮር ዶት ሲ ላይ ተቀምጧል። አለ! አልጠፋም። ቀጥሎ እዚያው ፎልደር ያለውን፣ ምን እንደሚገነባ የሚናገረውን ሜክፋይል ከፈትን፤ ፋይሉ የሚገነባው ሲኤፍጂ80211 በሚባለው አማራጭ ሥር ነው። ከዚያ ወደ ኮንፊጉ ሄደን ያንኑ ስም ፈለግን። አንዲት መስመር ወጣች፦ ሲኤፍጂ80211 እኩል ይሆናል ኤም።

ልጁ ስክሪኑን ትንሽ አየና "ኤም ነው" አለ። ሌላ ምንም አላለም፣ ገብቶታል።

ድራይቨሩ ዋይ ነው፣ ከርነሉ ሆድ ውስጥ። የሚጠራው ፈንክሽን ግን ኤም ነው፣ ውጭ ባለ ሞጁል ውስጥ። ሞጁል ከርነሉን መጥራት ይችላል። ከርነሉ ግን በሚገጣጠምበት ሰዓት ገና ያልተጫነ ሞጁል ውስጥ ያለ ነገር ላይ መንጠልጠል አይችልም። ታዲያ ኮምፓይል ሲደረግ ለምን ዝም አለ? እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ነው ኮምፓይል የሚደረገው፤ "እንዲህ የሚባል ፈንክሽን አለ" ብሎ የሚያሳውቅ ሄደር የሚባል ፋይል ካገኘ ይበቃዋል። የት እንዳለ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ሲገጣጠም ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከሰዓታት በኋላ የሚፈነዳው።

ሊኑክስ ይህንን የሚከላከልበት መንገድ አለው። ኬኮንፊግ በሚባሉት ፋይሎች ውስጥ እያንዳንዱ አማራጭ "ዲፔንድስ ኦን" ብሎ የሚፈልገውን ይጽፋል። ኤን 0፣ ኤም 1፣ ዋይ 2 ተብለው ይቆጠራሉ፤ አንድ ነገር የተመረኮዘበት ነገር 1 ከሆነ እሱ 2 መሆን አይፈቀድለትም። ማለትም የተደገፈበት ኤም ከሆነ ዋይ የሚለው ምርጫ ጭራሽ አይቀርብለትም። የልጁ ድራይቨር ኬኮንፊግ ግን የተጻፈው ዩኤስቢ ያስፈልገኛል በሚል ብቻ ነበር። ሲኤፍጂ80211 ያስፈልገኛል የሚለውን መስመር ድራይቨሩን የጻፈው ሰው ረስቶታል። እኛ ጨመርነው። አንድ መስመር። ኮንፊጉን ስናድስ ድራይቨሩ ራሱ ከዋይ ወደ ኤም ወረደ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ "ሲሌክት" የሚባል ሌላ ቃል አለ፣ እሱን ተጠንቀቁት። ሲሌክት አንድን አማራጭ በግድ ያበራል፣ የራሱ ጥገኝነት ይሟላ አይሟላ ሳያይ። ያን ጊዜ ኮንፊጉ ሲዘጋጅ "አንሜት ዳይሬክት ዲፔንደንሲስ" የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ሽው ብሎ ያልፋል፣ ሰው አያየውም፣ ብዙ ቆይቶ ነው ዳፋው የሚመጣው። እኔ በበኩሌ ያንን ማስጠንቀቂያ ካየሁ ሜክ አልልም። ሜኑኮንፊግ (አማራጮቹ በሜኑ የሚመረጡበት ገጽ) ውስጥ ስላሽ ተጭናችሁ የአማራጩን ስም ብትጽፉ ምን ላይ እንደተመረኮዘ፣ ማን በግድ እንዳበራው፣ የእያንዳንዱም ዋጋ አሁን ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ያሳያችኋል። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ሌሎቹን በአጭሩ። በብዙ የፕሮሰሰር ኮር በአንድ ጊዜ ስትገነቡ የመጨረሻው መስመር ምንም አይነግራችሁም፣ እውነተኛው ኤረር ከላይ ተቀብሯል። ውጤቱን ፋይል ውስጥ አስቀምጡና የመጀመሪያውን ፈልጉ። ኮምፓይለራችሁ አዲስ ሆኖ ተራ ማስጠንቀቂያ ግንባታውን ካቆመው ወኤረር የሚለውን፣ ማስጠንቀቂያን እንደ ኤረር የሚቆጥረውን አማራጭ እዩ፤ በ5.15 ነው የመጣው፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ ነው ያስገባው። ትናንት የሚሠራ ኮንፊግ ከነበራችሁ ስክሪፕትስ ፎልደር ውስጥ ዲፍኮንፊግ አለ፣ ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነቱን ብቻ ያወጣል። አማራጭ በለወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ሁሉንም አጽድታችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። ሲስተሙ የትኛው ፋይል በየትኛው አማራጭ እንደሚነካ ስለሚያውቅ የተነካውን ብቻ ነው ድጋሚ የሚገነባው።

ለጅማ ልጆች ደግሞ ይሄን ልጨምር። እየገነባችሁ መብራት ከሄደና ባትሪው ካለቀ፣ ሲመለስ "ፋይል ትራንኬትድ" የሚል ወይም ፋይሉን አላውቀውም የሚል ኤረር ልታዩ ትችላላችሁ። ኮንፊጉን አትንኩ። ሲጻፍ የተቋረጠ፣ ዜሮ ባይት የሆነ የኦ ፋይል (ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጣው፣ ስሙ በነጥብ ኦ የሚያልቀው) ነው። እሱን ብቻ አጥፍታችሁ ሜክ በሉ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ክረምት፣ ሙሉ ሌሊት የፈጀ ሥራ ጥዬ ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ።

የዚያን ቀን መብራቱ አልሄደም። ግንባታው እንዳይረዝም መጀመሪያ ዋይፋዩንና ፍላሹን ሰክተን ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ አልን። ይሄ ትዕዛዝ በዚያ ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ አይቶ ሌላውን ይቆርጣል፤ ስለዚህ ያልሰካችሁት ዕቃ አብሮ ይቆረጣል። አዲሱ ድራይቨር ገና ተጭኖ ስለማያውቅ እሱን በእጃችን መልሰን ኤም አደረግነው። ጎረቤቴ እትዬ የሁለተኛውን ጀበና ቡና ይዘው መጡ፣ ልጁም ካልሲውን ከሰል ምድጃው አጠገብ አሰጣ። ቪኤምሊኑክስ የሚለው መስመር ሲመጣ ሁለታችንም ዝም አልን። አለፈ።

እሁድ ጠዋት መልእክት ላከልኝ። ከአዲሱ ከርነል ተነስቶ የሰፈሩን ዋይፋዮች ዝርዝር አይቷል። ያቺን አንድ መስመር ደግሞ ድራይቨሩን ለጻፈው ሰው ልኮለታል፣ ከነማብራሪያው።