ጥላ የተጣበቀበት ግድግዳ

ዛሬ ፒያሳ ካፌ ውስጥ አንድ ወጣት ላፕቶፑን ከፍቶ በብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) ፎቶ አልብሶ የሠራውን የፋሲል ግንብ ግድግዳ አሳየ። «ፎቶው እውነተኛ ነው፤ ለምን ፕላስቲክ መሰለ?» አለ።

ፎቶው የተነሳው በጠራራ ፀሐይ ነው። ብሌንደር ውስጥ ያለው መብራት ከግራ ይመጣል፤ ከፎቶው ጋር የመጣው የድንጋዮቹ ጥላም ወደ ግራ ይወድቃል። ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም ይጠረጥራል። ለአልበም የሚያምር ፎቶ ለቴክስቸር፣ ማለትም የ3ዲ ቅርጽን ለሚያለብስ ምስል፣ ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ደመና ጠንካራ ጥላ ስለማይፈጥር የጎንደር ክረምት ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው። ከግድግዳው ፊት ቀጥ ብሎ መቆም፣ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 100፣ ሮው ፎርማት (ካሜራው ያላስተካከለው ጥሬ ፋይል)። ዝናብ ካባራ በኋላ ግን ድንጋዩ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ ድንጋይ ይጠቁራል፣ ያብረቀርቃል።

ምስሉ ግድግዳው ላይ ሲደጋገም መጋጠሚያው እንዳይታይ፣ 4096 በ4096 ፒክስሉን ምስል በ2048 ወደ ጎንና ወደ ታች ገፍታችሁ (ከአንድ ጠርዝ የወጣው በሌላው ይገባል)፣ መሐል ላይ የሚወጣውን ስፌት የምስሉን ሌላ ክፍል በሚቀዳው መሣሪያ፣ በክሎን ስታምፕ፣ አጥፉ።

የፕላስቲኩ መልክ ዋና ምክንያት ግን ራፍነሱ (የገጹ ሻካራነት ቁጥር፤ ሲያንስ ያብረቀርቃል) ነበር፤ ብሌንደር ሲከፍት በሰጠው 0.5 ላይ ቀርቷል። ለደረቅ ድንጋይ ከ0.8 እስከ 0.9 ይሻላል። የራፍነስና የኖርማል ማፕ (የገጹን ጉድጓድና እብጠት የሚያሳይ ምስል) ምስሎች ከለር ስፔስ ደግሞ «ነን-ከለር» መሆን አለበት፤ ብሌንደር እንደ ቀለም ሳይሆን እንደ ቁጥር እንዲያነባቸው። ይህንን የማይረሳ ጀማሪ የለም! ጉድጓዱ እብጠት መስሎ ከታየ ኖርማል ማፑ አረንጓዴውን ቀለም ከብሌንደር በተቃራኒ ለሚያነበው የግራፊክስ ሥርዓት፣ ለዳይሬክትኤክስ፣ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል አረንጓዴውን ቻናል ገልብጡት።