በመጨረሻው ደቂቃ ኳሱ ለምን ይቆማል?

በቀጥታ ልጀምር። እሁድ በቅርጫት ኳስ የተሸነፍነው ልጃችን በመጨረሻ ሶስት ነጥቡን ስለሳተ አይደለም። የተሸነፍነው ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያ ሰከንዶች ነው። ከጨዋታው በኋላ ፒያሳ ቁጭ ብለን በዚህ ጉዳይ ስንነታረክ አመሸን፣ እስካሁንም አልተግባባንም። ቡና ላይ ሁሉም ሰው እኩል ስለሚጮህ ሀሳቤን እዚህ ልጨርሰው።

ለማታውቁን፣ ማራኪ አካባቢ የምንጫወት የሰፈር ልጆች ነን። ጎንደር የእግር ኳስ ከተማ ናት። አፄዎቹ (ፋሲል ከነማ) ሲጫወቱ ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያወራህ አታገኝም። ግን ይህን ጨዋታ የሚወድ ሰው ደግሞ ከልቡ ነው የሚወደው፤ ለአሜሪካው ሊግ ለኤንቢኤ ፋይናል ብሎ ከሌሊቱ 9:30 ተነስቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በስልክ የሚያይ፣ ጠዋት ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ ሥራ የሚገባ ሰው ነው።

ሁኔታው እንዲህ ነበር። አራተኛው ሩብ፣ 45 ሰከንድ ገደማ ቀርቷል። ተጋጣሚያችን አሁን አግብቶብን በሶስት ነጥብ እየተመራን ነው። ኳሱ የኛ ነው። ፖይንት ጋርዳችን (ጨዋታውን የሚያደራጀው ልጅ) ኳሱን ይዞ መሀል ሜዳውን አለፈና ቆመ። ድሪብል፣ ድሪብል፣ ድሪብል። ሌሎቹ አራቱ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ስክሪን ሊሠራለት፣ ማለትም ተከላካዩን በሰውነቱ ሊዘጋለት የመጣ አንድ ሰው የለም። እኛ ሜዳ ላይ የሚታይ ሰዓት የለም፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው በስልክ የሚይዘው። ሾት ክሎኩ (አንድ ቡድን ሳይመታ ኳስ መያዝ የሚችልበት 24 ሰከንድ) አስር ሲቀረው እሱ «አስር!» ብሎ ሲጮህ ልጃችን እንደ መባነን አለ። ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተዘጋበት፣ ወደ ኋላ ዘለለና ሁለት ሰው እጁን ዘርግቶበት ሶስት ነጥብ ወረወረ። ቀለበቱን ጫፉን ነክቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ፋውል እየሠሩ የሰው ቅጣት ምት ማየት ነው።

ጓደኛዬ የሚለው ይህን ነው፦ «ወንድሜ፣ በሶስት እየተመራህ ምን ልትመታ ነው? የሚያስፈልግህ ሶስት ነው። ደግሞስ እሱ ካልመታ ማን ይምታ?» ሁለቱንም ጥያቄ ከልቡ ነው የጠየቀኝ፣ እኔም ከልቤ ልመልስለት።

መጀመሪያ ሂሳቡ። 45 ሰከንድ እያለህ በሶስት ብትመራ ወዲያው ሶስት ማግኘት ግዴታህ አይደለም። ቶሎ ገብተህ ሁለት ብታገባ 37 ወይም 38 ሰከንድ ይቀራል፣ ልዩነቱ አንድ ነጥብ ነው። ተጋጣሚህ ኳሱን መያዝ የሚችለው ቢበዛ 24 ሰከንድ ነው። አንዴ ከተከላከልክ ፋውል እንኳን ሳትሠራ ኳሱ ከአስር ሰከንድ በላይ ይዞ ወደ አንተ ይመለሳል። ሁለት ቢያገቡብህም እንደገና በሶስት ነው የምትመራው፣ የመጨረሻው ምት ግን ያንተ ነው። እኛ ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሃያ ሁለት ሰከንድ አቃጥለን ከሁሉም ከባዱን ምት መረጥን።

ይህ ስህተት የሰፈር ልጆች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2016ቱን ፋይናል ሰባተኛ ጨዋታ ያየ ያስታውሰዋል። ጎልደን ስቴት በመደበኛው ውድድር 73 አሸንፎ 9 ብቻ የተሸነፈ፣ በኤንቢኤ ታሪክ ያልታየ ቡድን ነበር። ጨዋታው 89 ለ 89 ከሆነ በኋላ ወደ አራት ደቂቃ ገደማ ማንም አላገባም። ያ ሁሉ ሹተኛ ያለበት ቡድን በመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃ ተኩል አንድ ነጥብ እንኳን አላገኘም! ከዚያ 53 ሰከንድ ሲቀር የተጋጣሚው የክሊቭላንድ ካይሪ ኧርቪንግ ሶስት ነጥብ መታና 92 ለ 89 ሆነ። በቀጣዩ ኳስ የጎልደን ስቴቱ ስቴፈን ከሪ ፊት ለፊት የቆመው የክሊቭላንዱ ኬቨን ላቭ ነው። ረጅም ነው፣ ከሪን ግን በፍጥነት አይደርስበትም። በሶስት እየተመሩ፣ ጊዜ እያለ። አልፎት ገብቶ ሁለት ቢያገባ ጨዋታው በአንድ ነጥብ ይቀራል። እሱ ግን ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ በላቭ እጅ ላይ ሶስት ነጥብ ወርውሮ ሳተ። ጨዋታው 93 ለ 89 አለቀ። በዓለም አንደኛ የሚባለው ሹተኛ እንኳን የማያስፈልገውን ከባድ ምት ከመረጠ ይስታል፣ የኛ ልጅ እንዴት አይስት?

ጓደኛዬ ይቺን ሲሰማ ወዲያው «ካይሪስ? እሱም አንድ ለአንድ ነው የመታው!» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ቪዲዮውን መልሰህ እየው። ካይሪን መጀመሪያ የያዘው የጎልደን ስቴቱ ክሌይ ቶምፕሰን ነበር። የካይሪ ቡድን ጓደኛ ጄ አር ስሚዝ መጥቶ ስክሪን ሠራ፣ መከላከሉ ተቀያየረ፣ ካይሪ ፊት ከሪ ቀረ። ክሊቭላንዶች የፈለጉትን ሰው መርጠው አመጡት ማለት ነው። አንድ ለአንድ የሚመስለው ምት ከጀርባው የሁለተኛ ሰው ሥራ አለበት። እኛ ጋ ማን መጣ? ማንም።

እና «እሱ ካልመታ ማን ይምታ» ለሚለው መልሴ እዚህ ላይ ነው። ምርጡ ተጫዋች ኳሱን ይያዝ፣ እስማማለሁ። ነገር ግን ቶሎ ይጀምር። ሾት ክሎኩ ላይ 18 ሲል ከተጀመረ ሁለት ሰው ሲመጣበት የተለቀቀውን ለማግኘት ጊዜ አለ፣ ያም ካልሆነ ኳሱን ወደ ሌላኛው ጎን አዙሮ እንደገና መሞከር ይቻላል። 8 ሲል ከተጀመረ ያለህ አንድ ዕድል ብቻ ነው፣ መከላከሉም ያውቀዋል። የቺካጎው ማይክል ጆርዳን እንኳን እ.ኤ.አ. በ1997ቱ ፋይናል ስድስተኛ ጨዋታ 86 ለ 86 ሆኖ፣ መላው ዓለም እሱ እንደሚመታ እየጠበቀ፣ የተጋጣሚው የዩታ ተጫዋች ስቶክተን ለመከላከል ሊያግዝ ሲመጣበት ኳሱን ለቡድን ጓደኛው ለስቲቭ ከር ነው የሰጠው። ከር 5 ሰከንድ ሲቀር አገባ፣ ቺካጎም 90 ለ 86 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ያ ምት ድንገት የመጣ አልነበረም። ታይም አውት (አሰልጣኝ የሚጠራው አጭር ዕረፍት) ላይ ጆርዳን ስቶክተን እንደሚመጣ አስቀድሞ ለከር ነግሮት ነበር። (በ2016 የጎልደን ስቴት አሰልጣኝ ይኸው ከር መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል።)

ታይም አውት ካልን አይቀር፣ አሰልጣኛችንን «ኮች፣ ያን ጊዜ ለምን አልጠሩም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «መከላከላቸውን እንዳያስተካክሉ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ሀሳቡ ትክክል ነው። በ2025ቱ ፋይናል የመጀመሪያ ጨዋታ ኢንዲያና በአንድ ነጥብ እየተመራ፣ ተጋጣሚው የሳተውን ኳስ (ሪባውንድ) ካገኘ በኋላ አሰልጣኙ ካርላይል ታይም አውት አልጠራም። የኢንዲያናው ሀሊበርተን ኳሱን ይዞ በቀጥታ ሄደ፣ 0.3 ሰከንድ ሲቀር መታ፣ 111 ለ 110። ኢንዲያና በዚያ ጨዋታ የመራው ያን ቅንጣት ጊዜ ብቻ ነው። ታይም አውት አለመጥራት የሚጠቅመው ግን እንደ ሀሊበርተን ወዲያው ከሄድክ ነው። መሀል ላይ ቆመህ ድሪብል ካደረግህ መከላከሉ ራሱን ያስተካክላል፣ የሚያቋርጠው የለም። ደግሞ እኛ የምንጫወተው በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ህግ ነው። እንደ ኤንቢኤ ኳስ በእጅህ ይዘህ ታይም አውት ማለት አይቻልም፤ ኳሱ ሲቆም ወይም ሲገባብህ ነው የሚሰጥህ። ሲያገቡብን የነበረችው ቅጽበት አመለጠችን። እሳቸውን አከብራቸዋለሁ፣ ይህችን ግን በፊታቸውም ብያታለሁ።

አሁን አንድ ነገር ለጓደኛዬ ልመርቅለት። ሶስት ነጥብ መምታት ሁሌ ስህተት ነው አላልኩም። ጨዋታው ውስጥ ከመቶ 33 ሶስት ነጥብ የሚያገባ ሰው ከመቶ 50 ሁለት ነጥብ ከሚያገባው ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ነው። በሁለት እየተመራህ የመጨረሻው ምት ከሆነማ ጭራሽ ሶስቱ ይሻላል። እንዲህ አስበው፦ ግማሽ በግማሽ ዕድል ሁለት ብታገባ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ነው የምትሄደው፣ እሱንም ግማሽ በግማሽ ነው የምታሸንፈው። በጠቅላላው ከመቶ 25 ነው። ክፍት ሆኖ የተገኘ ሰው ከመቶ 33 ሶስት የሚያገባ ከሆነ እዚያው ጨረስከው። ስለዚህ ባለቀ ሰዓት ምቱን የሚመርጥልህ ሰዓቱና የነጥብ ልዩነቱ ነው። ሰዓቱን የማያውቅ ተጫዋች ደግሞ መምረጥ አይችልም።

የኛ ትልቁ ችግር ይሄ ይመስለኛል። ልጁ ስንት እንደቀረ አያውቅም ነበር። ከተቀያሪዎቹ አንዱ ሥራው ሰዓት መጮህ ብቻ ይሁን፤ «ሃያ! አስራ አምስት!» እያለ፣ ጠረጴዛው አስር እስኪል ሳይጠብቅ። ጥግ ላይ የሚቆመው ልጅም እዚያ የቆመው ለመመልከት እንዳልሆነ ይታወቅ። እጁን ከጉልበቱ ላይ ያንሳ፣ ለመቀበል ይዘጋጅ። ሁለት ሰው ፖይንት ጋርዱ ላይ ከሄደ ክፍት የሚሆነው እሱ ነው።

ጓደኛዬ ስለ ስክሪኑ ተስማምቷል። ስለ ፈጣኑ ሁለት ነጥብ ግን ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ቅዳሜ ልምምድ ላይ 45 ሰከንድ፣ በሶስት እየተመራን፣ ደጋግመን እንጫወተዋለን። ግማሹን በእሱ፣ ግማሹን በእኔ። ኮች ተስማምተዋል፣ ሰዓት የሚጮህ ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም፤ ማራኪ አካባቢ ያላችሁ ብቅ በሉ።