የባሕሩን ሰዓት ማንበብ፦ በኦሪገን ዳርቻ ሁለት ጉዞዎች

ሲያትል ከምንኖር የፎቶግራፍ ወዳጆች መካከል፣ በኦሪገን ግዛት የፓስፊክን ውቅያኖስ ዳር ዳሩን ተከትሎ በሚወርደው 101 አውራ ጎዳና ላይ ለመጓዝ ያልተመኘ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም በ14 ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ከሞላ ጎደል ከሽፎ፣ ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ጥቂት ፎቶዎችን አስገኝቶልኛል። ካሜራዬም ሌንሴም ያው የድሮው ስለሆነ፣ ልዩነቱን ያመጣው ዕቅዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን መንገድ ለሚያስቡ ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬም ጽፌዋለሁ። ሰዓቱን የማስቀምጠው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓመተ ምሕረቱን ግን በአውሮፓውያን ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ በጁላይ ነበር። የኦሪገን ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ 363 ማይል፣ ማለትም 584 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ በካርታ ላይ 22 መቆሚያዎችን ምልክት አድርጌ፣ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ መድቤ፣ ሁሉንም በሁለት ቀን ልጨርስ የአጎቴን ልጅ ይዤ ተነሣሁ። ቅዳሜ ማታ ካነን ቢች የተባለችው የዳርቻው ከተማ ስንደርስ ጉሙ ምድርና ሰማዩን አንድ አድርጎት ስለነበር፣ 72 ሜትር ከፍታ ያለውን ሄይስታክ ሮክ የተባለውን ዐለት መቶ እርምጃ ያህል ቀርበነው እንኳ ልናየው አልቻልንም። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የወቅቱ ጠባይ እንጂ የዕድል ጉዳይ አልነበረም። በእነዚያ ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው እየገፋ ሲያርቀው ከሥር ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል፤ በላዩ የሚያልፈው እርጥብ አየር ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል፤ መሐል አገሩ በፀሐይ ሲግል ደግሞ ያንኑ ጉም ወደ ዳርቻው ይስበዋል። ስለዚህ ሲያትል ላይ ሰማዩ ጠርቶ ማየት ስለ ዳርቻው ምንም አይነግርም።

ከጉሙ የባሰው ስሕተት ግን የራሴ ነበር። ያደግሁት ባሕር ዳር ከተማ ነው፤ የማውቀው ውኃ በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጎድለውን ጣናን ነው። ጣና በዓመት አንድ ጊዜ የሚያደርገውን ውቅያኖሱ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚያደርገው በመጽሐፍ አንብቤ ባውቅም፣ ዕቅድ ሳወጣ ግን የውኃውን ሰዓት የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ከመያዝ በቀር ነገሬ አላልሁትም። እሑድ ማለዳ የያዝሁት ሠንጠረዥ ውኃው ከንጋቱ 1 ሰዓት ላይ ከሁሉ በላይ እንደሚጎድል ይናገር ነበር። በሰዓቱ ብንደርስም ዐለቱ ገና በውኃ ተከቦ ስላገኘነው ተስፋ ቆርጠን ወደ ደቡብ ነዳን። ሠንጠረዡን ሳወጣ የሰመሩን የሰዓት ለውጥ፣ ማለትም አሜሪካኖች በሞቃቱ ወራት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፉበትን፣ የማይጨምረውን ዓይነት መርጬ ኖሯል፤ አንድ ሰዓት ብንታገሥ ኖሮ እስከ ዐለቱ ሥር በእግራችን በደረስን ነበር። ባሕሩ እየሸሸ ሳለ እኛም ሸሸን። ከዚያ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ኬፕ ፐርፔቹዋ ከተባለው የባሕር ዳር ተራራ አጠገብ ያለው ቶርስ ዌል ስንደርስ ውኃው እንደገና ጎድሎ ጠበቀን። ውቅያኖሱን የሚውጥ የሚመስለው ዝነኛው ጉድጓድ በዚያ ሰዓት በጥቁር ድንጋይ ላይ ያለ ተራ ቀዳዳ ነበር።

የአሜሪካን ክረምት ሙሉ የውኃውን አካሄድ ሳጠና ከረምሁ። በዚያ ዳርቻ በቀን ሁለት ሙላትና ሁለት ጉድለት አለ፤ መጠናቸው እኩል አይደለም፤ ሰዓታቸውም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጠፍ ስትሆን ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። ለሀበሻ ዓይን ሌላው እንግዳ ነገር የፀሐይ መጥለቂያው ነው። እኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ እዚያ ግን በጁን መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በሴፕቴምበር መጨረሻ 1 ሰዓት ላይ ይደርሳል። እነዚህን ሁለት ሰዓቶች፣ የውኃውንና የፀሐዩን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስጽፋቸው የት ቦታ መቼ መድረስ እንዳለብኝ ራሱ ወረቀቱ ነገረኝ። የመንዳቱን ሰዓት ያስገባሁት በመጨረሻ ነው።

ሁለተኛውን ጉዞ ከመስቀል በዓል ቀጥሎ ላለው ሙሉ ጨረቃ አደረግሁት። በዚያ ወቅት ጉሙ ይቀንሳል፤ ጉድለቱም ምሽት ላይ ከፀሐይ መጥለቂያ ጋር ተቀራርቦ ይውላል። መቆሚያዎቹ ከ22 ወደ አምስት ወረዱ፤ ይህን ያደረግሁት በግድ ሲሆን አንዳንዶቹን መሰረዝ አሳዝኖኝ ነበር። ከሰሜን ወደ ደቡብ መንዳትም ጥቅም አለው፤ መኪናችን በውቅያኖሱ በኩል ስለሚሆን ማቆሚያዎቹ ሁሉ በቀኝ እጅ ይገኛሉ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያቋረጡ መታጠፍ አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ምሽት ሄይስታክ ሮክ ሥር ውኃው ርቆ ሄዶ፣ የረጠበው አሸዋ እንደ መስተዋት ዐለቱንና ሰማዩን ይዞ ጠበቀን። ዐለቱ ከ15 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከመሐል አገር እስከ ባሕሩ ፈስሶ የደረሰ ቅልጥ አለት ረግቶ የቀረው ባዛልት ነው፤ የእኛ ደጋ የተገነባበት ጥቁር ድንጋይ ዘመድ በመሆኑ፣ እጄን ላሳርፍበት ብመኝም ላዩ ላይ መውጣት ክልክል ነውና የባሕር ኮከቦቹን እየተጠነቀቅሁ በዙሪያው ብቻ ዞርሁ። ስለ አሸዋው አንድ ነገር ልጨምር፦ የኦሪገን ዳርቻ በ1913 የሕዝብ አውራ ጎዳና ተብሎ የታወጀ ሲሆን በ1967 የወጣው ሕግ ደግሞ የሕዝቡን የመጠቀም መብት ስላጸናው፣ የሆቴል አጥር አላሳልፍ አለኝ የሚል ስጋት የለም። አንዳንድ ፓርኮች ግን ለመኪና ማቆሚያ ያስከፍላሉ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሥተን ሙላቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ስለነበር አንድ ሰዓት ቀድመን ቶርስ ዌል ደረስን። ጉድጓዱ ይሞላል፣ ወደ ላይ ይፈነዳል፣ መልሶ ይጠጣዋል። በመጀመሪያ ብርሃን በሚቀንስ ፊልተር የካሜራውን መዝጊያ 30 ሰከንድ ከፍቼ ሞክሬ ውኃው ሁሉ ወተት ሆኖብኝ ቅርጹ ጠፋ፤ ሩብ ወይም ግማሽ ሰከንድ ላይ ግን ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ውኃ ክር ክሩ ታየ። ከ140 ፎቶዎች ሦስቱን ብቻ አስቀርቻለሁ። እዚህ ላይ በብርቱ የማሳስበው፣ ጸጥ ካለ ባሕር ድንገት የሚመጣ ትልቅ ማዕበል ሰው ጠርጎ ሊወስድ ስለሚችል ከጉድጓዱ አፍ ርቆ ደረቅ ድንጋይ ላይ መቆምና ለባሕሩ ጀርባ አለመስጠት ግዴታ መሆኑን ነው። እኔ የአጎቴን ልጅ ማዕበል ብቻ እንዲጠብቅ አቁሜው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጮሆብኛል።

ከሰዓት በኋላ በመኪና ወደ ኬፕ ፐርፔቹዋ አናት፣ 240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ወጥተን ዳርቻውን ካየን በኋላ በ1894 መብራት ወደ ጀመረው የሄሲታ ሄድ የመርከብ መብራት ማማ ወረድን። ዳርቻው ወደ ምዕራብ የሚያይ በመሆኑ ጠዋት ተራራው ጥላውን ይጥልበታል፤ ማማው የሚያምረው ወደ 11 ሰዓት ግድም፣ ከደቡብ በኩል ካለው የመንገድ ዳር ማቆሚያ ሲነሣ ነው። የጠዋት ብርሃን የሚጠቅመው ከፍሎረንስ ከተማ ጀምሮ ወደ ደቡብ በተዘረጋው የአሸዋ ክምር ላይ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ ዝቅ ያለው ጨረር የአሸዋውን ሽብሽብ ሁሉ በጥላ አስምሮልን ነበር።

ከዚያ ተመለስን። በስተ ደቡብ በጎልድ ቢችና በብሩኪንግስ ከተሞች መካከል ያለው፣ የድንጋይ ቅስቶች የሚገኙበት የ12 ማይል የሳሙኤል ቦርድማን መንገድ ሳይታይ ቀርቷል፤ ከፍሎረንስ ብዙ ሰዓት ስለሚያስነዳ ከዚህኛው ጋር ማጣበቁን ትቼዋለሁ። ለእርሱ ብቻ በሜይ አራት ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ በወረቀቱ ላይም እስካሁን የሰፈረው የጨረቃዋ ቀን፣ የጉድለቱ ሰዓትና፣ ከጎኑ በቀይ የተጻፈው «የሰዓት ለውጡ ተጨምሯል» የሚል ማስታወሻ ነው።