የአያቴ በረት እንጨት

በረቱ መፍረሱ አይቀርም ነበር። ጣሪያው ከተደረመሰ ቆይቷል። አንደኛው ምሰሶ ከሥሩ በስብሶ ግድግዳውን ይዞት ዘሟል። ቤተሰቡ ተመካከረና ቀን ተቆረጠ። እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንጨቱ ለማገዶ ከመሄዱ በፊት እንድመርጥበት።

አያቴ በገዛ እጃቸው የሠሩት በረት ነው። ከዚያ እንጨት ለእናቴ፣ ለአክስቶቼና ለአጎቶቼ፣ ለእኛም ለልጅ ልጆቻቸው ለያንዳንዳችን አንዳንድ ማስታወሻ ልሠራ አሰብኩ። የፎቶ ፍሬም፣ ትንሽ ሣጥን፣ የቁልፍ መስቀያ፣ እንደዚህ ያለ ነገር። አናጺ አይደለሁም፤ መጋዝና መላጊያ ግን እይዛለሁ። ጀምሬ እስክጨርስ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደብኝ።

የመጀመሪያውን ቀን መጥረጊያ አንስቼ በደረቁ መጥረግ ጀመርኩ። አጎቴ ከበር ላይ ጮኸብኝ፤ «ተው! መጀመሪያ ውኃ አርከፍክፍበት!» ልክ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያለው አቧራ ዝም ብሎ አቧራ አይደለም። የአይጥ፣ የወፍና የሌሊት ወፍ ኩስ አለበት። ደርቆ ሲቦን ሳንባ ውስጥ የሚገባ ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ ወዲያ እያረጠብኩ፣ ጥሩ ማስክና ጓንት አድርጌ ነው የሠራሁት።

ምርጫው ላይ ጨከን ማለት ያስፈልጋል። ጣውላውን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አደርገዋለሁ። ዘልቆ ከገባ በስብሷል፣ ይቅር። ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ጥቁር እንጨት ካለ እሱም ይቅር፤ እንዳይበሰብስ መርዛም ቅባት ጠጥቷል ማለት ነው። የጋጣው ወለል የከብት ሽንት ለዓመታት ሲጠጣ የኖረ ስለሆነ ሽታው አይለቅም፣ እሱንም ተውኩት። በጣም ያሳዘነኝ በሩ ነው። ደብዘዝ ያለ ቀይ ቀለም ነበረው፣ ያምር ነበር። ግን የድሮ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይኖርበታል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ብናኙ ይበተናል፣ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ማስታወሻው የሚገባው ልጆች ያሉበት ቤት ነው። በሩን አልነካሁትም።

ከዚያ ምስማር ነቀላ። ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። ከኋላ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ራሱን ማስወጣት፣ ከዚያ ከጉጠቱ ሥር ስባሪ ጣውላ አድርጎ በቀስታ መሳብ። ስባሪውን ከረሳችሁት ጉጠቱ ጣውላውን ይሰረጉደዋል። አንገቱ ተቆርጦ ውስጥ የቀረ ምስማር በዓይን አይታይም። አንዱ የመጋዜን ሁለት ጥርስ በላ። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የብረት መፈለጊያ ገዛሁ። ጣውላ ሳልፈትሽ መጋዝ አላስነካም።

እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። የበረቱ ምስማሮች ሁሉ ክብ ናቸው። አንደኛው ወራጅ ላይ ግን አራት ማዕዘን ምስማር አገኘሁ። እንጨቱን ሳገላብጠው ደግሞ ምንም ያልተሰካበት፣ በመሮ የተፈለፈለ ባዶ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው በአያቴ በረት ውስጥ ምንም ሥራ አልነበረውም። አራት ማዕዘን ምስማር ደግሞ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በክቡ የሽቦ ምስማር እየተተካ የመጣ ነው። ስለዚህ ወራጁ ከሌላ፣ ከበረቱ ከሚበልጥ አሮጌ ቤት የመጣ ነው። አያቴም እንደኔው የፈረሰ ቤት እንጨት ለቅመው ነበር! መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ቀዳዳ ብዙ አየሁት። ቆርጬ ሳልጥለው፣ ቀዳዳውን መሐል አድርጌ ለአጎቴ የቁልፍ መስቀያ አደረግኩለት።

አሁን ወደ ጥፋቶቼ ልምጣ።

አንደኛው ችኮላ ነው። የመጀመሪያውን ፍሬም የሠራሁት እንጨቱ ቤት በገባ በሳምንቱ ነው። በሁለት ወሩ አራቱም ማዕዘኖች ተከፈቱ። ነገሩ ከጊዜ በኋላ ነው የገባኝ። ውጭ የኖረ እንጨት ደረቅ ቢመስልም እርጥበት አለው። ቤት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። ማዕዘኑን የሚያላቅቀው ይሄ አለመመጣጠን ነው። ቀጥሎ ጣውላዎቹን በመሐላቸው ቀጭን እንጨት እየገባ፣ አየር እንዲያገኙ አድርጌ ደረደርኳቸው። እርጥበት መለኪያው ከ14 በመቶ ወደ 9 በመቶ እስኪወርድ ጠበቅኩ። ቁጥሩ መውረድ ሲያቆም ነው መጋዝ ያነሳሁት።

ነፍሳትም አሉ። ቀዳዳ ያላቸውን ጣውላዎች ጥቁር ወረቀት ላይ መታ መታ አደረግኳቸው። ነጭ ዱቄት ከረገፈ ውስጡ ገና በሕይወት ያለ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። እነዚያን የእንጨት ማድረቂያ ክፍል ያለው ሰው ዘንድ ወሰድኳቸው። የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ነው የጠየቅኩት። በዓለም ዙሪያ ለዕቃ ማሸጊያ እንጨት የሚሠራበት ልክ ይሄው ነው።

ትልቁ ጥፋቴ ግን መላጊያው ነው። የመጀመሪያዋን ሣጥን ስሠራ ጣውላውን አሳምሬ ላግኩት። ልስልስ አለ፣ ቀለሙም ወርቃማ ሆነ። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ወሰድኩላት። ግራ ቀኝ አገላብጣ አየችው። «ያምራል ልጄ። ከየት ገዛኸው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አያቴን ከላዩ ላይ ልጌ የጣልኳቸው እኔ ነኝ። ያ ብርማ ግራጫ ቀለም ፀሐይና ዝናብ በብዙ ዓመት የሠሩት ነው። ፀሐይ የላይኛውን ቡናማ ነገር ትሰብረዋለች፣ ዝናብ ያጥበዋል። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። መላጊያው ሁለት ጊዜ ካለፈበት አለቀ፣ አይመለስም። የመጋዝ ጭረቱም፣ የምስማር ጥቁር ቀለበቱም አብረው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ በእንጨቱ መስመር እየተከተልኩ ነው ያጸዳሁት። የምልገው ጀርባውንና ኮላ የሚነካውን ብቻ ነው፤ ኮላ ግራጫው ላይ በደንብ አይዝም። እጅ የሚያርፍበትን ጠርዝ ስንጥር እንዳይወጋ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሸሁት።

አዲስ የተቆረጠው ጫፍ ግን ነጭ ሆኖ ያስጠላል። መላ አለው። ቀጭን የብረት ሽቦ፣ የዕቃ መፈተጊያ ዓይነቱን፣ ኮምጣጤ ውስጥ ጥቂት ቀን መዘፍዘፍ። ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ አይዘጋም። መጀመሪያ ጫፉን ወፍራም ሻይ ቀብቼ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ ኮምጣጤውን እደግምበታለሁ። ዓይኔ እያየ ይጠቁራል። በምስማሩ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ቀለበት የሠራውም ይኸው ነው፤ ብረትና ታኒን የሚባለው፣ በእንጨቱም በሻዩም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ሲገናኙ ይጠቁራሉ። ሁሌም ቁራጭ ላይ ሞክሩት፣ አንዳንዱ እንጨት ከተጠበቀው በላይ ይጨልማል።

ማጠናቀቂያውም ላይ እንዲሁ። የተልባ ዘይት ግራጫውን ወደ ቡናማ ለወጠብኝ። የማያብረቀርቅ፣ ውኃ ላይ የተመሠረተ ቫርኒሽ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ዘይት ከተጠቀማችሁ ግን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንዳትጥሉ። በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ለእናቴ ሁለተኛ ሠራሁላት። ሣጥን አይደለም። የግርግሙን የላይኛውን ጣውላ በክንድ ልክ ቆርጬ፣ ጀርባውን ብቻ ልጌ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ መደርደሪያ አደረግኩት። ጠርዙ ላይ የላም ገመድ እየታሸ የቆፈረው ቦይ አለ። ውስጡ እንደ ድንጋይ ለስልሷል። ብርጭቆ ወረቀት አላስነካሁትም።

እናቴ ተቀበለችኝ። አላገላበጠችውም። ጣቷን ቦዩ ውስጥ አስገብታ ወዲያና ወዲህ አንሸራተተችው። ከዚያ የላሚቱን ስም ጠራች። እኔ ያንን ስም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ብዕር አምጥቼ ከጀርባው ጻፍኩት።