ያልነቀልኩት ራውተር

ሁለተኛ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ሳለሁ ግቢ ውስጥ ሥራ መፈለግ ጀመርኩ። ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበር። ከገንዘቡ በላይ ግን ክፍል ውስጥ በስላይድ የማየውን ነገር በእጄ መንካት አማረኝ። ሲቪ አዘጋጀሁ፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ማስታወቂያ ሰሌዳውን በየቀኑ እቃኛለሁ። "ሶፍትዌር የሚሠራ ተማሪ ይፈለጋል" የሚል ወረቀት አንድም ቀን አላየሁም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ግቢ ውስጥ የቴክኖሎጂ ሥራ ሞልቷል፤ በዚያ ስም ግን አይጠራም። ቤተ መጻሕፍቱ የቆዩ ጽሑፎችን ስካን የሚያደርግለት ልጅ ይፈልጋል። ሬጅስትራር በምዝገባ ሰሞን ዳታ የሚያስገባ ሰው ያጥረዋል። አንድ መምህር 300 መጠይቅ አስሞልተው ኤክሴሉ ተዘበራርቆባቸዋል። ሌላዋ ሙድል በሚባለው የኦንላይን መማሪያ ላይ ኮርስ መጫን አስቸግሯቸዋል። አዳራሽ ውስጥ ፕሮጀክተሩ ምስል አልሰጥ ሲል ኬብል ይዞ የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ሳይወጣ በአፍ ያልቃል። ተመራቂዎቹ ሊለቁ ሲሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ መጠየቅ ከማንኛውም ሲቪ ይበልጣል። አሁንም የሚጠይቀኝ ተማሪ ሲመጣ የምለው ይህንኑ ነው።

እኔ የገባሁት በፕሪንተር በኩል ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወዳለው የኮምፒውተር ክፍል ወረቀት ላትም ሄድኩ። ሰልፉ ቆሟል። ኃላፊው ፕሪንተሩን ያጠፉታል፣ ያበሩታል፤ ለውጥ የለም።

"ጋሼ፣ አንዴ ልሞክረው?" አልኳቸው።

ፕሪንተሩ ጤነኛ ነበር። አንድ የተበላሸ ፋይል ወረፋው መሀል ተቀርቅሮ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ይዟቸዋል። ዊንዶውስ ላይ የሕትመት ወረፋውን የሚይዘውን፣ የፕሪንት ስፑለር የሚባለውን አገልግሎት አቆምኩ፣ የተከማቹትን ፋይሎች አጠፋሁ፣ መልሼ አስነሳሁት። ተማሪዎቹ ፋይላቸውን እንደገና ላኩ፤ ማሽኑም ማተም ጀመረ። ጋሼ ስሜን ጠየቁኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሳምንት 10 ሰዓት ለመሥራት ፈረምኩ። የፈተና ሳምንት ላይ ሰዓቴ እንዲቀነስልኝ ቀድሜ በመጠየቄ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ወር ነው።

ከኮምፒውተር ክፍሉ ጀርባ ዕቃ የምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል አለች። ዋይፋይ አይደርሳትም። መደርደሪያዋ ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ራውተር፣ ኢንተርኔትን በኬብልና በዋይፋይ የሚያከፋፍል ሳጥን፣ አገኘሁ። ይህን ብሰካው እዚህ ቁጭ ብዬ መሥራት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ጋሼን አልጠየቅኩም። ምሽት ላይ ከግድግዳው ሶኬት ኬብል ሳብኩና ራውተሩ ላይ ከተደረደሩት አራት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰካሁት። ኢንተርኔት የሚገባው ለብቻዋ በተቀመጠችው፣ ቀለሟም በተለየው በአምስተኛዋ ቀዳዳ ነበር። ስልኬ ራውተሩን አገኘው፤ ኢንተርኔት ግን የለም። የመዝጊያ ሰዓት ደርሷል። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ቆልፌ ወጣሁ። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እዚያው ክፍል ሙድል ላይ ፈተና ነበራቸው። 40 ኮምፒውተር፣ 40 ተማሪ። ሰዓቱ ሲደርስ አንዱ እጁን አወጣ፤ "እኔ ጋ አይከፍትም።" ሁለተኛው አወጣ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። የሚገርመው ሁሉም አለመሆናቸው ነው። አንዱ ጥያቄ እየመለሰ ነው፤ አጠገቡ ያለው ባዶ ገጽ ያያል። ጋሼ ኔትወርክ ቢሮ ደወሉ። "እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው" አሏቸው።

ፊት ረድፍ ላይ ያለች ልጅ ሁለት እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈትኩና አይፒኮንፊግ ብዬ ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ አድራሻውን፣ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። የግቢያችን ኮምፒውተሮች አድራሻ በ10 ነው የሚጀምረው። የእሷ 192.168.0.104 ይላል። ጌትዌዩ፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚወጣበት በር፣ ደግሞ 192.168.0.1። ይህን ቁጥር ትናንት ማታ አይቼዋለሁ፤ ራውተሩ ሆድ ላይ ተለጥፏል። ልቤ ቀጥ አለች።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሄጄ ቀስ ብሎ መንቀል ነበር። ማን ያውቃል? ነገር ግን ራውተሩ ቢነቀልም ኮምፒውተሮቹ የተሰጣቸውን የተሳሳተ አድራሻ እንደያዙ ይቆያሉ። እያንዳንዱን ማሽን አድራሻውን አስለቅቆ አዲስ ማስጠየቅ ያስፈልጋል። ብቻዬን ተደብቄ ብሠራው የፈተናው ሰዓት ያልፋል። የዚያች ልጅ እጆች ከዓይኔ አልጠፉም።

ነቀልኩትና ጋሼ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ማታ ጓዳ ውስጥ ራውተር ሰክቼ ትቼው ወጣሁ። አድራሻ እየሰጣቸው ያለው እሱ ነው።"

ለቅጽበት ዝም ብለው አዩኝ። "ነቀልከው?"

"አዎ።"

"በል አንተ ከግራ ጀምር፣ እኔ ከቀኝ።"

መሀል ላይ ተገናኘን። ፈታኙ የባከነውን ግማሽ ሰዓት ጨመሩላቸው። ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ፈተናው ሲያልቅ ጋሼ አንድ ወረቀት ገልብጠው አራት ቀስት ሣሉልኝ። ኮምፒውተር ሲነሳ አድራሻ ከሌለው ኔትወርኩ ላይ ላለው ሁሉ "አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?" ብሎ ይጣራል። አድራሻ የሚያድለው ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ "ይኸው" ይለዋል። ኮምፒውተሩ "እሺ፣ ይህን ስጠኝ" ይላል። ሰርቨሩ ያጸድቅለታል። ይህ ዲኤችሲፒ የሚባለው ነው፤ ዛሬም የምንሠራበት ደንብ የወጣው በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ መልስ የሰጠው ትክክለኛው ሰርቨር መሆኑን በራሱ አያጣራም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ዋናው ሰርቨር ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የእኔ ራውተር ግን እዚያው ከግድግዳው ማዶ ነበር። አድራሻው ደግሞ በኪራይ የሚሰጥ ነው፤ ጊዜ አለው። ሌሊቱን ሳይጠፉ ያደሩት ማሽኖች የቆየ ኪራያቸው ላይ ስለነበሩ አልተነኩም። ጠዋት የተነሡት ናቸው የእኔ እጅ ውስጥ የወደቁት። ይህን ትምህርት በስላይድ አይቼው ነበር፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

የኔትወርክ ቢሮ ሰዎች በዚያው ሳምንት የሕንፃችን ስዊቾች፣ የኮምፒውተሮቹ ኬብሎች የሚገናኙባቸው ሳጥኖች፣ ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባለውን መከላከያ አበሩት። አድራሻ መስጠት የሚፈቀደው በየትኛው ቀዳዳ በኩል ብቻ እንደሆነ ለስዊቹ ይነገረዋል፤ በሌላ በኩል የመጣውን መልስ ስዊቹ ይጥለዋል።

ጋሼ ከሥራ አላባረሩኝም። "የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጽፈህ አምጣልኝ" አሉኝ። አንድ ገጽ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ማታ ላይ ጓዳው ውስጥ ራውተር ተሰክቶ ነበር" ይላል። እስክሪብቶ አነሱና "ተሰክቶ" የምትለዋን ቃል አሰመሩባት።

"ማን ሰካው?"

ወረቀቱን ወስጄ "ሰካሁት" ብዬ እንደገና ጻፍኩ። ሌሎቹንም ዓረፍተ ነገሮች እንዲሁ አንድ በአንድ አስተካከልኩ፤ "ሳይነቀል ቀረ" የሚለው "ሳልነቅለው ወጣሁ" ሆነ። "ፈቃድ አልተጠየቀም" የሚለው "ፈቃድ አልጠየቅኩም" ሆነ። ያቺ ገጽ ወደ ኔትወርክ ቢሮ ሄደች።

በሚቀጥለው ሴሚስተር የኔትወርክ ቢሮው አንድ ተማሪ ረዳት ፈለገ። ሰሌዳ ላይ አልተለጠፈም። ጋሼ ነግረውኝ ሄድኩ። ቴክኒሻኑ ከመሳቢያው ያችን ወረቀት አውጥቶ "ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት ለ4 ሰዓት ያህል እንድሠራ ተስማማንና የስዊች ክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ።