የጋሼ ሸክላና ሁለቱ ታናናሾቹ

ጋሼ ሸክላዎቻቸውን ከአዲስ አበባ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ያመጧቸው በእጅ ሻንጣ ነው። ሽሮውና በርበሬው ጭነት ውስጥ ገባ፤ ሸክላው ግን እግራቸው ሥር ተቀምጦ አብሯቸው በረረ። ከመሃላቸው አንዱ ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተው «ኧረ መላ መላ» ነው፤ ካይፋ ሪከርድስ በ1975 ያወጣው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

እኔ ደግሞ ይህንኑ ዘፈን በሌሎች ሁለት ህትመቶች ገዝቻለሁ። አንዱ ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጂየም ኩባንያ በ1986 ያወጣው ነው። እሱ ላይ የ1978 ቀረጻዎችም ስለተጨመሩ፣ ያነጻጸርኩት ሁለቱ የሚጋሩትን ዘፈን ብቻ ነው። ሦስተኛው በቅርብ የታተመ ነው፤ ስሙን ልተወው።

መጀመሪያ ሳዳምጣቸው ፍርዴ ፈጣን ነበር። የጋሼ ሸክላ ይንጣጣል፣ የ1986ቱ ጥርት ያለ ነው፣ አዲሱ ደግሞ ጉልበት አለው። አለቀ ደቀቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ያ ፍርድ አንድ በአንድ ፈረሰብኝ።

ቀድሞ የፈረሰው የአዲሱ «ጉልበት» ነው። ስልኬ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ ጭኜ ሦስቱንም ለካሁ። አዲሱ ከጋሼ ሸክላ በ3 ዴሲቤል ገደማ ይጮሃል። ጆሮ ደግሞ ከፍ ያለውን ነገር «የተሻለ» ይለዋል፤ የማንም ሰው ጆሮ እንዲህ ነው። የማጉያውን ድምፅ ዝቅ አድርጌ እኩል ሳደርጋቸው፣ ጉልበት ያልኩት ነገር ጠፋ። ሸክላ ልታነጻጽሩ ካሰባችሁ እባካችሁ ከዚህ ጀምሩ።

አዲሱ ሌላም ችግር ነበረበት። ረጅም የሳክስፎን ድምፅ ሲመጣ ይዋዥቃል። እጄን ሳላስነካ ከላይ ሆኜ ሳይ፣ የመርፌው ክንድ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የመሃል ቀዳዳው ትክክለኛው መሃል ላይ አልተበሳም ማለት ነው። ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢስት፣ መርፌው ወደ መሃል ሲጠጋ ድምፁ ከ1.5 በመቶ በላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ሸክላው አንዴ ለመዞር 1.8 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ መዋዠቁም በዚያው ልክ ይመላለሳል። ሽፋኑ ላይ «180 ግራም» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ክብደት ግን ቀዳዳ አያስተካክልም፤ ድምፅም አይጨምርም። መለስኩት።

አሁን ወደ ጋሼ ሸክላ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

በተጣራ ውሃና በጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና አጠብኩት፣ መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ እየተጠነቀቅኩ። ለስላሳ ብሩሽ ይዤ፣ ሸክላው በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ቀስ እያልኩ። ውሃው ጠቆረ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው «እኛ እኮ በሸሚዛችን ጫፍ ነበር የምንጠርገው» አሉ። ከታጠበ በኋላ መንጣጣቱ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ግማሹ ጭረት ሳይሆን አቧራ ነበር።

ቀጥሎ መርፌውን ቀየርኩ፤ ለውጡን ያመጣው ይህ ነው። የድሮዎቹ ማጫወቻዎች መርፌ ጫፉ ክብ ነበር፣ 5 ግራም ያህል ክብደትም ይጭኑበት ነበር። አሁን እኔ 2 ግራም ነው የምጭነው። ያ ክብ መርፌ በየሳምንቱ ድግስ ሲመላለስ፣ ድምፁ የተቀረጸበትን የቦዩን ግድግዳ ፍቆታል። የፋቀው ግን እሱ የሚነካበትን ከፍታ ብቻ ነው። ማይክሮላይን የሚባለው ቀጭን መርፌ ግድግዳውን የሚነካው በረጅም መስመር ነው፤ የድሮው መርፌ ያልደረሰበትን ቦታም ያነባል። እዚያ ቦታ ላይ ሙዚቃው እንዳለ ተቀምጧል፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይነካ።

እናም የአይቤክሱ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር መጣ። «ዱም ዱም» የሚል ጭጋግ አልነበረም። ጣቱ ገመዱን ሲለቅ፣ ኖታው ሲያልቅ፣ ቀጣዩ ሲጀምር ይሰማል። የማህሙድ ድምፅ ደግሞ ከስፒከሮቹ መሃል ወደ ፊት ወጣ አለ። በ1986ቱ ህትመት ላይ እሱም ባንዱም ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ ጀርባው ጸጥ ያለ ነው፣ የከበሮው ሲምባል ያበራል። ለእንግዳ የማጫውተው እሱን ነው። የጋሼው ግን ሥጋ አለው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ደረቱ ይታወቃል።

ጋሼን ዓይናቸውን አስጨፍኜ የቱ የቱ እንደሆነ ልጠይቃቸው ሞክሬ ነበር። አልሆነም። ገና መርፌው እንዳረፈ፣ አንዲት «ጠቅ» የምትል ድምፅ መጣች። «ይቺ የኔ ናት» አሉ። «ፒያሳ እያለን እህትሽ ጥላው ነው» ብለው ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ሳቀች፤ እህቷን ከቀበርን አራት ዓመት ሆኖናል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ማናችንም አልተናገርንም።

አንድ ነገር ግን ከጋሼ ሸክላ አልተመለሰም። በየገጹ መጨረሻ፣ ወደ ወረቀቱ ሲጠጋ፣ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» አሁንም ይሻክራሉ። ትልቁ ሸክላ ጠርዙ ላይ ከመርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ይሮጣል፤ መሃል ሲደርስ ወደ 20 ይወርዳል። ያው ድምፅ በግማሽ በማይሞላ ቦታ ላይ ይታጨቃል፣ ሲያረጅም መጀመሪያ የሚጎዳው እዚያ ነው። የ1986ቱ በዚህ ቦታ ያሸንፋል፤ ብዙ ስላልተጫወተ።

ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ሸክላዎች፣ ይህ ችግር እንዲህ አይብስባቸውም። አንድ ገጽ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ ስለሚይዙና ፈጥነው ስለሚዞሩ፣ ወደ መሃል ሲጠጉም ከ25 ሴንቲሜትር በላይ ይሮጣሉ። ጋሼ ሻንጣው ውስጥ አሥራ አንድ አላቸው፤ ከነሱ አራቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው የአምሃ ሪከርድስ ናቸው። የመሃል ቀዳዳቸው ሰፊ ስለሆነ መሙያ ፕላስቲኳን አዝዣለሁ። ማክሰኞ ትደርሳለች። ብሩሹን ጋሼ ራሳቸው አጥበው መስኮቱ ላይ አስጥተውታል።