ማሩ የጠፋበት ገጽ

ጀርመን አገር አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የድሮ ብራናዎችን ፎቶ አነሳለሁ። ሥራው ሲወራ ይማርካል። ሲሠራ ግን ቅጠል መግለጥ፣ ቁልፍ መጫን፣ እንደገና መግለጥ፣ እንደገና መጫን ነው። ጓንት አናደርግም። ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፤ ጓንት የለበሰ ጣት የብራናው ጠርዝ አይሰማውም።

ኅዳር ላይ የደረሰኝ መጽሐፍ «ጌስታ ሮማኖሩም» ነበር፣ በላቲን። ትርጉሙ «የሮማውያን ሥራዎች» ነው። የሮም ታሪክ አገኛለሁ ብሎ የከፈተው ግን ይሸወዳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ14ኛው መጀመሪያ የተሰባሰበ የተረት መጽሐፍ ነው፤ ሰባኪዎች ምዕመኑ እንዳያንቀላፋባቸው ይጠቀሙበት ነበር። ተረቱ ሲያልቅ «ካሪሲሚ» ይላል፤ «እጅግ የተወደዳችሁ» እንደ ማለት። ከዚያ ፍቺው ይመጣል፦ ንጉሡ እግዚአብሔር ነው፣ ባላባቱ ነፍስ ነው ይላል። አንዳንዱ ፍቺ በግድ ተጎትቶ የመጣ ነው። የኛ የአንድምታ መምህራን ቢያዩት ፈገግ ይላሉ። ዘመኑ ከተጻፈባቸው ቅጂዎች ቀዳሚው ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ከተማ ያለው እ.ኤ.አ. የ1342ቱ ነው። እኔ እጅ የገባው ከዚያ የዘገየ ነው።

ካሜራችን በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ብቻ ያነሳል። መጀመሪያ የቀኝ ገጾችን በሙሉ፣ ከዚያ መጽሐፉን አዙረን የግራዎቹን እናነሳለን። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ረድፍ እያፈራረቀ ያጋጥማቸዋል። መጽሐፉ ደግሞ የቅጠል ቁጥር አልነበረውም። ደንቡ ከፎቶ በፊት በለስላሳ እርሳስ ይቆጠር ይላል። ጊዜ አጠረንና «በኋላ ይደረስበታል» ተባለ። እኔም እሺ አልኩ።

ስጨርስ ቆጠርኩ። ቅጠሉና ፎቶው ልክ መጣ። «ተጠናቋል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወደ ቤቴ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋይሎቹን ሳገላብጥ አንድ ተረት ላይ ዓይኔ አረፈ። አንድን ሰው ባለ አንድ ቀንድ አውሬ ያባርረዋል። ሲሮጥ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ትንሽ ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል። ነጭና ጥቁር አይጥ የዛፉን ሥር ይቆረጥማሉ።

ይህን'ኮ አውቀዋለሁ! ቄስ ትምህርት ቤት እያለሁ የኔታ የነገሩን የ«በራላም ወየዋሴፍ» ተረት ነው። መጽሐፉን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውታል። ሥሩ ሲፈለግ ሕንድ ድረስ፣ እስከ ቡድሃ ታሪክ ይወስዳል። አንዱ መንገድ በዐረብኛ አድርጎ ወደኛ መጣ፣ ሌላው በላቲን አድርጎ እዚህ። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣውም ማሩ መሆኑን አውቃለሁ።

ማሩ ግን የለም። ግራው ገጽ ሰውዬው ቀና ብሎ ቅርንጫፉ ላይ ጠብታ ሲያይ ያልቃል። ቀኙ ገጽ ስለ አንድ ንጉሥና ስለ ልጆቹ ያወራል። መጀመሪያ ጸሐፊው ዘሎታል ብዬ ጸሐፊውን አማሁት። ከዚያ የግራውን ገጽ ግርጌ አየሁ። ጥግ ላይ ብቻዋን የተጻፈች አንዲት ቃል አለች፦ «ሜሊስ»፣ «የማር»። የድሮ ጸሐፊዎች አንዱ ጥራዝ፣ ማለትም አብሮ የታጠፈው የቅጠሎች እጥፋት፣ ሲያልቅ የሚቀጥለው ጥራዝ የሚጀምርበትን ቃል ከታች ይጽፋሉ፣ የሚጠርዘው ሰው እንዳይሳሳት። የኛዎቹ በየጥራዙ ራስ ላይ የግዕዝ ቁጥር እንደሚያደርጉት መሆኑ ነው። ጸሐፊው ምንም አልዘለለም። የዘለልኩት እኔ ነኝ።

ቀለሙም ሲናገር ነበር፣ ሰሚ አጣ እንጂ። ብራና ሲጠረዝ የጠጉሩ በኩል ከጠጉሩ፣ የሥጋው በኩል ከሥጋው ይጋጠማል። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚተያዩ ገጾች መልካቸው አንድ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ግራው ቢጫ፣ ቀኙ ነጭ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀኝ ገጾችን ሳነሳ ሁለት ቅጠል እንደ አንድ ገለጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ተደወለልኝ። ስመለስ የት እንደደረስኩ ጠፍቶኝ አንዱን ገጽ ሁለቴ አነሳሁት። አንድ ጎደለ፣ አንድ ተደገመ፣ ድምሩ ልክ ሆነ። በመሀል ያሉት አምስት የቀኝ ገጾች ሁሉ የጎረቤታቸውን ቦታ ይዘው ተቀመጡ።

ለአለቃዬ ስነግራት ፊቴ ቀልቷል። አልተቆጣችም። «ቆጥረህ ነበር?» አለችኝ። ቆጥሬ ነበር። «አንብበህስ?» ዝም አልኩ። አሁን ቁጥር ያልተጻፈበት መጽሐፍ ካሜራው ክፍል አይገባም፤ የጥራዝ ግርጌ ቃሎችንም አንድ በአንድ እናመሳክራለን። አሰልቺ ነው። ግማሽ ቀን ይበላል።

መጽሐፉ ከመጋዘን ተመልሶ ወጣ። ባልደረባዬ መብራቱን አስተካከለ፣ እኔ የዘለልኩትን ቅጠል በቀስታ ገለጥኩ። ማሩ እዚያው ነበር፣ በመጀመሪያው መስመር። ከሱ በታች ግን የኔታ ያልነገሩን ነገር አለ። አንድ ወዳጁ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ መሰላል ያወርድለታል። ሰውዬው ማሩ ጣፍጦት አልወጣም ይላል። ዛፉ ይወድቃል፣ ዘንዶው ይውጠዋል።

«ስካላም» የምትለዋን ቃል በጣቴ ሳልነካ እየተከተልኩ ድጋሚ አነበብኳት። መሰላል። «ላንሳው ወይስ?» አለ ባልደረባዬ፣ እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ።